ባለ አንድ ዓይኑ ጠላት

በቆየው የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ይታያል። ኃጥእ ግን በጎን ይሣላል፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የጦርነቱን ሥዕል እየሣሉ ለአዲስ አበባ ገበያ ያቀረቡ ሰዓሊዎች ይህንኑ ደንብ ከቤተ መቅደስ ይዘው ወጡ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በግራ፣ የጣሊያን በቀኝ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ከላይ። የኛ ሰው ባለ ሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ ባለ አንድ። ሥዕሉ ኋላ በፖስተርና በቀን መቁጠሪያ እየታተመ ቡና ቤትም ፀጉር ቤትም ገባ፤ የወለጋ ከተሞችም አልቀሩም።

እኔ በባኮና በሲሬ መካከል ባለችው አኖ አስተማሪ ነበርኩ። የማስተምረው ትምህርት ስሙ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ መጀመሪያ «ሥዕልና እጅ ሥራ» ነበር፣ ኋላ «ሥነ ውበት» ሆነ። ስሙ ባማረ ቁጥር ግን ቀለሙ እየጠፋ መጣ። ልጆቹ ለአረንጓዴ የዱባ ቅጠል ወረቀቱ ላይ ያሻሉ፣ ለቢጫ ከእናታቸው ጓዳ እርድ በብጫቂ ወረቀት ጠቅልለው ያመጣሉ፣ ለጥቁር ከሰል አለ። ቀይ ግን የሚገኘው ከኔ ኪስ ብቻ ነው፤ እርማት የማርምበት እስክሪፕቶ። ስለዚህ ደም ሊሥል የፈለገ ልጅ ሁሉ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ «ባርሲሳ (መምህር)፣ ቀዩን አንዴ» ማለት ነበረበት። ማን ምን እየሣለ እንደሆነ ሳልዞር የማውቀው በዚህ ነው።

«ጦርነት ሥሉ» ብዬ አላውቅም፤ አያስፈልግም ነበር። የፈለጋችሁትን ሥሉ ሲባሉ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ክላሽ ይሥላሉ። ወደ ፊት የታጠፈች ካርታዋን፣ የእንጨት ሰደፏን፣ ማንገቻዋን ሳይቀር አይስቱም፤ የገዛ እጃቸውን ጣቶች ስድስት አድርገው የሚሥሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ጠላት በጎን ይሣላል። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ልጆች ናቸው፤ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ሥዕል የለውም። ቅዱስ መርቆሬዎስ ዑልያኖስን ሲወጋ አላዩም። እንዲያም ሆኖ ጠላታቸው ባለ አንድ ዓይን ነው።

አንዱ ምክንያት የፀጉር ቤቱ ዓድዋ እንደሆነ እገምታለሁ። ሌላው ግን ከጠመንጃው ይመጣል። ጠመንጃ ከፊት ለፊት ሲታይ አንዲት ክብ ቀዳዳ ነው፤ ጠመንጃ የሚመስለው በጎን ሲሣል ነው። ጠመንጃው በጎን ከሆነ የሚያነጣጥረውም በጎን መሆን አለበት። «የኛ» የሚባለው ወገን አያነጣጥርም፤ መሣሪያውን አንግቶ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ ቆሟል። የትኛው የኛ፣ የትኛው የነሱ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ልጅን እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ደግ ነገር አልነበረም።

ከዓመታት ወዲህ ወረቀቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት እያከማቸሁ ስመለከት አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። የጦርነቱን ሥዕል ልጆች ከኛ ይቀዱታል፤ ከግድግዳችን፣ ከፖስተራችን፣ ከቴሌቪዥናችን። ስለዚህ የልጆች የጦርነት ሥዕል ታሪክ ባብዛኛው የአዋቂዎች ሥዕል ታሪክ ነው። ሰላምን ሲሥሉ ግን የሚቀዳ ነገር ስለሚያጡ ያዩትን ለማውጣት ይገደዳሉ። እንግዳ ሰው ከረጢቱን ሲፈታ ዓይኑ የሚያርፈው ጠመንጃው ላይ ነው። እኔ ሌላውን ወረቀት እንዲያይ እፈልጋለሁ።

የድሮዎቹ የወለጋና የአካባቢዋ ልጆች ወረቀት አልነበራቸውም። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጉዱሩ ላይ፣ እምባቦ በተባለው ስፍራ ሲዋጉ ያየ ሕፃን ያየውን በምን ይሥለዋል? ከዚያ ቀደም ብሎ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ሂካ የሚባል ልጅ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባለው እሱ ነው። በሊሙ እናርያ በባርነት የተያዘችው አስቴር ጋኖም እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትሻገር የጣሊያን መርከብ አስጣለቻት። ሁለቱ ተረትና ዘፈን የሞላበትን የኦሮምኛ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ1894 አሳተሙ፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነቀምቴ ገብተው ልጆች አስተማሩ። በልጅነታቸው ያዩት ጦርነት እኛ ዘንድ የደረሰው ካደጉ በኋላ በጻፉትና ባስጻፉት ነው። ሥዕል የለም።

በዚያው ዘመን የልጆችን ሥዕል እንደ ቁም ነገር የቆጠረ የመጀመሪያው መጽሐፍ ጣሊያን ውስጥ ታተመ። ኮራዶ ሪቺ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1882ና 83 መካከል በነበረው ክረምት ቦሎኛ ከተማ ዝናብ ይዞት አንድ በረንዳ ሥር ይጠለላል፤ ግድግዳው ላይ ልጆች የሞነጫጨሩትን ሲያይ ቆሞ ይቀራል። «የልጆች ጥበብ» የተባለ መጽሐፉ የወጣው በ1887 ነው፤ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር በደመሰሱበት ዓመት። ሪቺ ያን ጊዜ ወደኛ አገር መጥቶ የልጆች ግድግዳ ቢያይ ምን ያገኝ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ለነገሩ ከምርጊቱ ቶሎ ቶሎ መታደስ የተነሣ የጭቃ ግድግዳ ሞነጫጨራ አያቆይም።

ነቀምቴ ላይ ጦርነት ከሰማይ የመጣው በጣሊያን ጊዜ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከከተማው አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ፤ የመጡት ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር። ሌሊቱን የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከመካከላቸውም የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ተገደሉ። ከተሳፋሪዎቹ የተረፈው አባ ማሪዮ ቦሬሎ የሚባል ሚስዮናዊ ነው።

ዛሬ ነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም የገባ ሰው አርበኞች የጣሉት ነው የሚባል የጣሊያን አውሮፕላን ቅሪት ያያል። ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ የቀድሞውን የነቀምቴ ገዥ የኩምሳ ሞረዳን ዘመን ዕቃ፣ የባህል ልብሱን፣ ጋሻና ጦሩን እየዘለሉ ወደዚያ ብረት ይሮጡ ነበር። ሲመለሱ የሚሥሉት ግን ያዩትን ብረት አይደለም። የተጣመመ ቆርቆሮ አይተው መጥተው የሚበር፣ ቦምብ የሚጥል፣ አብራሪው በመስኮት የሚታይ አውሮፕላን ይሥላሉ። ያን አውሮፕላን ያገኙት ከፊልም ነው። አንዲት ልጅ ብቻ ብረቱን እንዳለ ሣለችው፤ በዙሪያው ሣር፣ ላዩ ላይ የተቀመጠች ወፍ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ያለቀ አውሮፕላን» አለችኝ። ያቺን ወረቀት ለብቻዋ በፕላስቲክ አድርጌ አስቀምጫታለሁ።

ቦነያ ላይ አውሮፕላን በነደደ በሦስተኛው ሳምንት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ፤ የልጆች የጦርነት ሥዕል ዓለም አቀፍ ወሬ የሆነው በዚያ ነው። ከግንባር ርቀው ወደ ሕፃናት ማቆያ የተወሰዱ ልጆች የሣሏቸው ሥዕሎች ተሰብስበው ከነሱ ውስጥ 60ዎቹ እ.ኤ.አ. በ1938 ኒው ዮርክ ላይ በመጽሐፍ ታተሙ። መግቢያውን የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ አልደስ ሃክስሊ ሲሆን እሱንም ያስደነገጠው የአውሮፕላኑ መብዛት ነበር። እነዚያ ልጆች አውሮፕላኑን ከፊልም አላመጡትም፤ አይተውታል። በዚያው ዘመን በጣሊያን ትምህርት ቤቶች የልጆች ደብተር ሽፋን የኢትዮጵያን ዘመቻ በሚያወድስ ሥዕል ያጌጥ ነበር። የሮማ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ባወጣ ቁጥር እኛን ያይ ነበር ማለት ነው፤ በስንት ዓይን እንደተሣልን መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ቦነያ ላይ የሞተው ሎካቴሊ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1918፣ ገጣሚው ዳኑንዚዮ ከመራው ቡድን ጋር ቪየና ሰማይ ላይ በርሮ ነበር፤ የጣሉት ቦምብ ሳይሆን በራሪ ጽሑፍ ነው። ቪየና ደግሞ ፍራንዝ ቺዜክ ለልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ «አትቅዱ፣ ከራሳችሁ አውጡ» የሚል ትምህርት ያስፋፋባት ከተማ ናት። እሱ ዘንድ ከተማሩት አንዷ ፍሪድል ዲከር ትባላለች። ናዚዎች በታኅሣሥ 1942 ቴሬዚን ወደሚባለው ማጎሪያ ሲወስዷት ሻንጣዋን በወረቀትና በቀለም ሞላችው። እዚያ ያስተማረቻቸው ልጆች ከሣሏቸው 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ተረፉ፤ አሁን ፕራግ በአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። እሷ ራሷ በጥቅምት 1944 አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች፤ ከልጆቹም አብዛኞቹ አልተረፉም።

ወደዚያ የወሰደኝ ጉዳይ ይህ ነው፤ ከቴሬዚን ሥዕሎች መካከል ብዙዎቹ አበባ፣ ቤት፣ ቢራቢሮ፣ ምግብ የቀረበበት ጠረጴዛ ናቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2005 የሂዩማን ራይትስ ዎች ሠራተኞች በቻድ ድንበር የዳርፉር ስደተኞችን ሲያነጋግሩ ልጆቹ እንዳይረብሹ ብለው ክራዮንና ወረቀት ቢሰጧቸው፣ ማንም ሳያዛቸው ፈረሰኛ፣ አንቶኖቭ አውሮፕላን፣ የሚነድ ጎጆ ሣሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዌጂንግ ፒስ የተባለ ድርጅት የሰበሰባቸው 500 ያህል የዳርፉር ልጆች ሥዕሎች ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርበዋል። የዳርፉሮቹ ድንበር ተሻግረዋል፤ የስፔኖቹም ከግንባር ርቀዋል። የቴሬዚኖቹ ገና ውስጡ ነበሩ። ውስጡ ያለ ልጅ የራቀውን ይሥላል፤ ከወጣ በኋላ ያመለጠውን።

የኛን አገር ታሪክ ዘልዬ ሄድኩ። እኔ የተወለድኩት በንጉሡ ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም ጥረት ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ወለጋ የደረሰ የሥዕል አስተማሪ ግን አላስታውስም። አብዮቱ ሲመጣ ቀለም በዛ። ትከሻው በር የሚያክል ወዛደር፣ ማጭድ የያዘች ገበሬ፣ ክላሽ ከፍ ያደረገ ሚሊሺያ በየቀበሌው አጥር ላይ ተሣሉ። የሶማሊያ ጦርነት ዘመን፣ በ1969ና 70 ዓ.ም.፣ እኔም በትምህርት ቤት ውድድር ታንክ ሥዬ ደብተር ተሸልሜያለሁ። ታንክ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከፖስተር ነው የገለበጥኩት፤ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ። ጠላቱን በጎን ሣልኩት።

ርግቧም የመጣችው በዚያው ፖስተር ነው። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የሰጣት ርግብ በሶሻሊስቱ ዓለም ዞራ ወለጋም ደረሰች። እስከ ዛሬ «ሰላምን ሥሉ» የሚል ውድድር ሲመጣ ልጆች ርግብ ይሥላሉ፤ አፏ ላይ ወይራ ናት የሚሏትን ቅጠል ጣል ያደርጉባታል። ርግብን በቅርብ ያዩ ጥቂቶች ስለሆኑ ባብዛኛው ዶሮ ነው የምትመስለው፤ እግሯ ወፍራም፣ ኩክኒዋ ቀይ። ዳኞቹ ይሸልሟታል። እኔ አልወዳትም። ልጁ ምንም ሳያስብ ሊሥላት ይችላል።

ከርግብ የሚያላቅቀው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ሰላምን ሥሉ» ሳይሆን «መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የምትሄዱበትን ሥሉ» እላለሁ። ያኔ ወረቀቱ ይለወጣል። አኖ ያለችው ከአዲስ አበባ ነቀምቴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው፤ ኑሮዋም ከዚያ መንገድ ነው። መንገዱ አስጊ በሆነባቸው ወራት ልጆቹ የሣሉልኝ ሰላም መኪና ነበር። በርበሬ የጫነ አይሱዙ፣ ጣሪያው ላይ ፍየል የታሰረበት አውቶቡስ፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ። የአንዱ አውቶቡስ መስኮቶች ሁሉ ፊት አላቸው፤ ሁሉም ባለ ሁለት ዓይን።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወለጋን በሚያዋስነው በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ሲሸሹ አንዳንዶቹ ነቀምቴ ተጠለሉ። ባልደረቦቼ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። እሳት የምናይ መስሎን ነበር፤ ያየነው በር ነው። ቁልፍ ያለው በር፣ ከፊቱ ጀበና፣ ከጓሮው የማንጎ ዛፍ። ማንጎው በፍሬ የተጨናነቀ ነው። እሳቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹ በየዘመዱ ተጠግተው ትምህርት ከጀመሩ ወዲያ። አንዲት እናት ልጃቸው የሣለውን አይተው «እስካሁን ምንም አላለኝም እኮ፣ ልጄ የረሳው መስሎኝ ነበር» ብለው አለቀሱ። ባልደረባዬ ለማጽናናት የሚናገረው ጠፍቶት «ኣዴ፣ አሁን ስለተመቸው ነው» አላቸው። እንደ እኔ ከሆነ ያን ቀን ከተናገርነው ሁሉ ትክክሉ ይህ ነበር።

በ2012 አጋማሽ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ አባቱ ደምቢ ዶሎ የሚሠራ አንድ ልጅ ሰላምን በስልክ ሣለ። ስልኩ የገጹን ግማሽ ይሞላል፣ ጥግ ላይ የኔትወርክ መስመሮቹ አምስቱም ቆመዋል፤ እውነተኛው ስልክ ላይ የጠፉት እነሱ ነበሩና። ከዚያ በሚያዝያ 2015 ዛንዚባር ላይ፣ በኅዳር 2016 ደግሞ ዳሬሰላም ላይ መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ተደራድረው ያለ ስምምነት ሲበተኑ ልጆቹ ዜናውን ከአዋቂው እኩል ሲከታተሉ ነበር። የዚያ ሰሞን ሥዕሎች ጠረጴዛ ናቸው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ በየሰዉ ፊት አንድ አንድ ሃይላንድ ውኃ። ይህ ደግሞ ከቴሌቪዥን ስለተቀዳ ከርግቧ ብዙም አይሻልም። አንዱ ልጅ ግን ጠረጴዛውን የሾላ ዛፍ ሥር አውጥቶ አያቱን እርጥብ ሳር አስይዞ ከመሃል አቆማቸው፤ በአገራችን ደም ያፋሰሰ ጠብ በጉማ ሲታረቅ እንደሚደረገው። ውኃውን አልተወውም፤ ሃይላንዱ ሥሩ ላይ ተደርድሯል።

ለኔ ከሁሉ የሚከብደኝ በቆሎው ነው። የባኮ ምርምር ማዕከል ዘር ቁመቱ ሰው ይውጣል፤ ነሐሴ ላይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሌላ ነገር አይታይም። ልጆች በቆሎን በደስታ ይሥላሉ፤ መስመር በመስመር፣ ጢሙን በቢጫ እርድ። እሸት ነው፣ ጥጋብ ነው። ግን በቆሎው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች የሚጨምሩ ልጆች አሉ፤ ሌላ አካል የላቸውም፣ ዓይኖች ብቻ ናቸው። ሁለት መሆናቸውን አይቼ አንድ ጊዜ «ይሄ ማነው?» አልኩ። «እኔ ነኝ፣ ተደብቄ» አለኝ።

የስፔኑ ልጅ ሥዕል በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ነው፣ የቴሬዚኑ በሙዚየም፣ የዳርፉሩም ፍርድ ቤት ቀርቧል። የኛ ልጆች ደብተር ዓመቱ ሲያልቅ በኪሎ ተሽጦ ስኳርና ቡና ይጠቀለልበታል፤ ባለሱቁን አልወቅስም፣ ወረቀት ውድ ነው። እኔ ግን ጥቂት አስቀርቻለሁ። ከጀርባው በእርሳስ የልጁን ዕድሜ፣ ወሩንና ዓመቱን፣ ስለ ሥዕሉ የተናገረውን በራሱ አፍ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ እጽፋለሁ። በእስክሪፕቶ አልጽፍም፤ በክረምቱ እርጥበት ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። ስምና ቀበሌ አልጽፍም፤ ይህ ወረቀት ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ነቀምቴ ሙዚየም አለ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲም አለ። አውሮፕላን ላቆመ ግቢ የልጆች ወረቀት ቦታ አያጣብብም። አንድ መሳቢያ ይበቃል፣ ምስጥ የማይገባው ከሆነ።